ማስቲሽ፦ ወረቀቱን ሳያሸበሽብ ያጣብቃል፣ ትነቱ ግን የት ይሄዳል? (ልጆቻችሁ ለትምህርት ቤት ስራ ከመጠቀማቸው በፊት አንብቡት)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮላ ነው። "ኮላና ሐኪም ምን አገናኛቸው?" እንዳትሉኝ፣ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

በታኅሣሥ ወር አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ በጠዋት ወደምሰራበት ክሊኒክ መጣች (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ራሷን ሲያማትና ሲያስመልሳት፣ "ቤቱ እየዞረብኝ ነው" ስትል ነው ያደረችው። እናት "ዶክተር፣ ምች መቷት ነው መሰለኝ፤ ካልሆነም ታይፎይድ ነው፣ ደሟ ይታይልኝ" አለችኝ። አየኋት። ትኩሳት የላትም። ሆዷ ለስላሳ ነው፣ አንገቷም እንደልብ ይታጠፋል። እጇን ስይዝ ግን የጣቶቿ ጫፍ ላይ ቢጫ ነገር ደርቆ ተጣብቋል።

"ይሄ ምንድን ነው ሚሚዬ?"

"ማስቲሽ ነው። ከካርቶን ቤት ስሩ ተብለን..."

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማታው 1 ሰአት እስከ 4 ሰአት ድረስ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ከወንድሟ ጋር ካርቶን ስትለጥፍ ነበር። ብርድ ስለሆነ በሩም መስኮቱም ተዘግቷል። የማስቲሹ ጣሳ አጠገባቸው ክዳኑን እንደከፈተ ነው። ከዚያ እዚያው ክፍል ውስጥ ተኙ። ወንድምየውም "ትንሽ ራሴን ብሎኝ ነበር" አለ። ሁለቱም ንጹህ አየር ሲያገኙ ተሻላቸው፤ ልጅቷን ለጥቂት ሰአት ተከታትለን ወደ ቤቷ ሸኘናት።

እናትየው ስትወጣ የጠየቀችኝን ነው ዛሬ የምመልሰው፦ "ታዲያ ልጆቹ በምን ይለጥፉ?"

🔹 ማስቲሽ ምንድን ነው?

ማስቲሽ ማለት በቀላሉ ሲነገር በፈሳሽ የሟሟ ጎማ ነው። ሁለት ነገር አለው፤ አንዱ የሚያጣብቀው ጎማው ሲሆን ሌላው ጎማውን አቅጥኖ ለመቀባት የሚያመቸው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ውሃ አይደለም። እንደ ቲነርና ቤንዚን በፍጥነት የሚተን ኬሚካል ነው፤ እንደ አምራቹ ቶሉይን፣ ሄክሴን፣ ሄፕቴን ወይም አሴቶን ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ድብልቅ ነው።

በውጭ አገር ለወረቀት ስራ ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ ከነብሩሹ የሚሸጥ ለስላሳ ዓይነት አለ፤ "ራበር ሲሜንት" ይሉታል። እኛ ጋር ጫማ ሰፊውና ጎሚስታው የሚጠቀሙበት የዚያው ቤተሰብ ጠንከር ያለው ወንድም ነው። ልጆቻችን ለካርቶን ስራ ከሱቅ የሚገዙትም በአብዛኛው ይሄንኑ ነው።

🔹 ለወረቀት ስራ ለምን ይወደዳል?

እውነቱን እንነጋገር፤ ሰው ማስቲሽ የሚወደው በምክንያት ነው።

ወረቀት ከእንጨት ክር የተሰራ ነገር ነው። ውሃ ያለበት ኮላ ስትቀቡት ክሩ ውሃውን ይጠጣና ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ እኩል አይመለስም። ስለዚህ ይሸበሸባል። ማስቲሽ ውስጥ ውሃ ስለሌለ ወረቀቱ እንደተስተካከለ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ጎማ ስለሆነ ከደረቀ በኋላም ይተጣጠፋል። የሚከፈትና የሚዘጋ የፖስት ካርድ፣ የሰርግ ጥሪ ወረቀት ወይም ልጆች ለእንቁጣጣሽ የሚያዘጋጁት ተጣጣፊ ስጦታ ላይ አይሰነጠቅም።

ሦስተኛ፣ በሁለት መንገድ መጠቀም ይቻላል። ለስላሳውን ዓይነት አንዱን ወረቀት ብቻ ቀብታችሁ ሳይደርቅ ብትለጥፉት ለጊዜው ይይዛል፤ ቦታው ካላማራችሁ አንስታችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ሁለቱንም ገጽ በስሱ ቀብታችሁ፣ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ብታገናኙት ግን በአንዴ ይጨብጣል፤ ከዚያ በኋላ ማንሳት የለም። ጫማ ሰፊዎች ሶል ቀብተው ለጥቂት ደቂቃ አየር ላይ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ከጠርዝ የወጣው ትርፍም ሲደርቅ በጣት ሲታሽ ተጠቅልሎ ይለቃል።

ጉድለትም አለው። ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ ወረቀቱን ያበልዛል፣ ፎቶንም ያበላሻል። የአያቶቻችሁን ፎቶ ወይም ዲፕሎማችሁን በፍጹም በማስቲሽ እንዳትለጥፉ።

🔹 ያ ፈሳሽ ታዲያ የት ሄደ?

ዋናው ነጥቤ ይሄ ነው። ማስቲሽን ለወረቀት ጥሩ ያደረገው ፈሳሹ ውሃ ሳይሆን በፍጥነት የሚተን ኬሚካል መሆኑ ነው። "ደረቀ" ስንል ግን ፈሳሹ ጠፋ ማለት አይደለም። ወደ ክፍሉ አየር ገባ ማለት ነው። መስኮት ከተዘጋ ደግሞ የሚገባው እኛ ሳንባ ውስጥ ነው። ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ምክንያቱም እነዚህ ኬሚካሎች ስብ ይወዳሉ፣ አንጎላችን ደግሞ በስብ የበለጸገ ነው። ራስ ምታቱ፣ ማዞሩ፣ ማቅለሽለሹ፣ እንደ ስካር ያለው ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ልጆችን ይበልጥ የሚጎዳበት ሦስት ምክንያት አለ፦

👉 ልጅ ከክብደቱ አንጻር ከትልቅ ሰው የበለጠ አየር ይተነፍሳል።

👉 የሄክሴንና የቶሉይን ትነት ከአየር 3 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ታች ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል። ልጆቻችን ካርቶን የሚለጥፉት ደግሞ ወለል ላይ ቁጭ ብለው ነው።

👉 አፍንጫ ሽታን ይለምዳል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ "አሁን እኮ አይሸትም" ይላሉ፤ ትነቱ ግን እዚያው አለ። ከውጭ የሚገባ ሰው ነው "ኧረ ይሄ ምን ሽታ ነው!" የሚለው።

"ማስክ አድርገናል" ለምትሉኝም፦ ለኮቪድ የምናደርገው ማስክ አቧራና ጠብታ እንጂ የኬሚካል ትነት አያስቀርም።

🔹 ከሽታው የሚብሰው እሳቱ ነው

የሄክሴን ትነት ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ፣ የቶሉይን ደግሞ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንኳን ብልጭታ ካገኘ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ ማለት በማንኛውም የአዲስ አበባ ብርድ ለመንደድ ዝግጁ ነው ማለት ነው። ትነቱ ወለል ላይ ይሄዳል ብያችኋለሁ። ቤታችን ውስጥ ወለል ላይ ምን አለ? ቡና የሚፈላበት ከሰል። መብራት ሲጠፋ የሚበራ ሻማ። እሳቱ ከጣሳው ራቅ ብሎ ቢቀመጥም ትነቱ ሄዶ ሊያገኘውና እሳቱን ይዞ ወደ ጣሳው ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ቡና እየተፈላ ባለበት ቤት ማስቲሽ አይከፈትም። ሻማ እየበራም አይከፈትም። ድርድር የለውም።

🔹 ለረጅም ጊዜ ሲሆን፦ ለባለሙያዎች

አንድ ቀን ካርቶን የለጠፈ ልጅ አየር ካገኘ በኋላ ይድናል፤ እናቶች አትሸበሩ። ለዓመታት በየቀኑ የሚተነፍሱት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ጫማ የሚሰሩ አባት መጥተው "ልጄ፣ እግሬን ካልሲ ያደረግኩ ይመስለኛል፤ ግን ባዶ እግሬን ነኝ" አሉኝ። ስኳራቸው ጤነኛ ነው። የቫይታሚን መርፌ ተወግተው አልለቀቃቸውም። "ጋሼ፣ የሚሰሩበት ቤት መስኮት አለው?" ስላቸው ሳቁ። "ጓዳ እኮ ናት" አሉ።

ሄክሴን ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ሲለወጥ ረጃጅም ነርቮችን የሚጎዳ ኬሚካል ይሆናል። ረጅሙ ነርቭ ወደ እግር ጣት የሚሄደው ስለሆነ መደንዘዙ ከእግር ይጀምራል፣ ቀጥሎ እጅ ይደርሳል፣ ሲብስ ጡንቻ ይሰንፋል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ በቤታቸው ሳንዳል ጫማ የሚለጥፉ ሰራተኞች ላይ በስፋት ታይቷል። ክፋቱ፣ ስራውን ካቆሙ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊብስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ እያለ የሚሻሻለው። ስለዚህ በቶሎ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው። እኚህን አባት ወደ ነርቭ ሐኪም ልኬያቸዋለሁ፤ ስራቸውንም ከጓዳ ወደ በረንዳ አውጥተዋል።

ጫማ፣ ቦርሳ፣ ሶፋ የምትሰሩ ወገኖቼ፦ ሐኪም ጋር ስትሄዱ "ስራዬ ይሄ ነው፣ ማስቲሽ እጠቀማለሁ" ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። እኛ ሳንጠይቅ ልናልፍ እንችላለን። እርጉዝ ሴቶች ደግሞ ከዚህ ትነት ራቁ፤ ቶሉይን በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል።

🔹 ስለሚስቡት ልጆች

ስለ ማስቲሽ ጽፌ ይሄን ብዘለው ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሃይላንድ ጠርሙስ በእጅጌያቸው ደብቀው የሚስቡ ልጆችን ሁላችንም መንገድ ላይ እናያለን። ለምን ይስባሉ? አንዱን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቁስሉን እያጠብኩለት ጠይቄዋለሁ። "ብርዱን ያስረሳል፣ ረሃቡንም" ነው ያለኝ። ዕድሜው 12 አይሞላም።

ቶሉይን ለረጅም ጊዜ ሲሳብ አንጎልን ይጎዳል፤ ማስታወስ፣ መራመድ፣ መናገር ይከብዳል። ኩላሊትንም ነክቶ የደም ፖታሺየም እንዲወርድ ያደርጋል፤ ሰውየው በድንገት እግሩ አልታዘዝ ሊለው ይችላል።

አሁን የምለውን ግን ሁላችሁም ያዙልኝ። እነዚህ ኬሚካሎች ልብን ለአድሬናሊን፣ ማለትም ስንደነግጥና ስንሮጥ ለሚመነጨው ሆርሞን፣ ከመጠን በላይ ስሱ ያደርጉታል። እየሳበ ያለ ልጅ ቢደነግጥ ወይም ቢሮጥ የልብ ምቱ ተዛብቶ እዚያው ሊሞት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም የሚተኑ ኬሚካሎችን ስበው በድንገት የሞቱ ከ100 በላይ ወጣቶችን ታሪክ ሰብስቦ ይህንን አሳይቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሳበ ልጅ ላይም ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ እባካችሁ፦ ማስቲሽ የያዘ ልጅ ስታዩ አትጩሁበት፣ አታባርሩት፣ በዱላ አታስደንግጡት። የጥበቃ ሰራተኞች፣ የሱቅ ባለቤቶች፣ ይሄን ለእናንተም ነው የምጽፈው። በቀስታ አናግሩት። ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ለልጅ ማስቲሽ አትሽጡ።

ቤት ውስጥ ያለ ልጅም ከዚህ ውጪ አይደለም። ልብሱ ላይ የኬሚካል ሽታ፣ አፍና አፍንጫው ዙሪያ ሽፍታ፣ ሳይጠጣ እንደ ሰከረ መንተባተብ፣ የተደበቀ ጠርሙስ ወይም ጨርቅ ካያችሁ ከቁጣ በፊት ቁጭ ብላችሁ አውሩት፤ ከዚያ ሐኪም ጋር አምጡት።

🔹 "ታዲያ በምን ይለጥፉ?"

👉 ተራ ወረቀት በወረቀት፦ እንደ ሊፕስቲክ እየተገፋ የሚወጣው ደረቅ ኮላ። ውሃው ትንሽ ስለሆነ ብዙም አያሸበሽብም።

👉 ካርቶን በካርቶን (ሞዴል ቤት፣ መኪና)፦ ነጭ ኮላ። ዋናው አሟሚው ውሃ ነው። በስሱ ቀብታችሁ በልብስ መቆንጠጫ ያዙትና ታገሱት፤ ሲደርቅ ካርቶኑ ይቀደዳል እንጂ ኮላው አይለቅም።

👉 ለትንንሽ ልጆች፦ ከቤት የሚሰራ የዱቄት ሙጫ። አንድ ስኒ የፉርኖ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጓጉል በጥብጡ፤ ሦስት ስኒ የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰላችሁ ጨምሩት፤ ሲወፍር አውርዱና አቀዝቅዙት። ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ቀን ይቆያል። እሳቱ ላይ ያለውን ስራ ትልቅ ሰው ይስራው።

👉 ወረቀቱ እንዳይሸበሸብ፦ ኮላውን ከመሀል ወደ ጠርዝ በስሱ ቀቡ፣ ከለጠፋችሁ በኋላ በንጹህ ወረቀት ሸፍናችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበትና ያድር። የማስቲሽን ጥቅም አብዛኛውን በዚህ ታገኙታላችሁ።

👉 ለፎቶ፦ ማዕዘኑን ብቻ የሚይዝ የአልበም መያዣ፤ ኮላ አይነካውም።

ማስቲሽ በእርግጥ የሚያስፈልገው ጎማ፣ ቆዳ ወይም ወፍራም ስፖንጅ ለመለጠፍ ነው። መምህራን፣ አንድ ልመና አለኝ፦ የእጅ ስራ ስትሰጡ "በነጭ ኮላ ወይም በሊጥ ስሩ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት።

🔹 የግድ ማስቲሽ ከሆነ

1. የሚቀባው ትልቅ ሰው ይሁን፤ ልጁ ይቁረጥ፣ ያስጊጥ።
2. በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ ስሩ። ካልተቻለ አየሩ እንዲያልፍ በርና መስኮት አንድ ላይ ክፈቱ።
3. ከሰል፣ ሻማ፣ ምድጃ፣ ሲጋራ በአካባቢው አይኑር።
4. ወለል ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ይሁን።
5. የሚበቃችሁን ያህል ብቻ ቅዱና ጣሳውን ወዲያው ክደኑ።
6. ሃይላንድ ጠርሙስ ወይም የቡና ስኒ ውስጥ አትገልብጡ፤ ሰው ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል።
7. የለጠፋችሁትን ዕቃ ሽታው እስኪለቅ ውጭ አሳድሩት፤ መኝታ ቤት አታስገቡት።
8. አስም ያለበት ሰው፣ እርጉዝና ሕፃን አጠገብ አይሁኑ።
9. የተረፈውን ቆልፋችሁ አስቀምጡ። ባዶ ጣሳውንም እሳት ውስጥ አትጣሉ።

🔹 ችግር ከተፈጠረ

✅ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፦ ቶሎ ወደ ንጹህ አየር አውጡት፣ ቁጭ ይበል፣ አታሯሩጡት። በአንድ ሰአት ውስጥ ካልተሻለው፣ ካንቀላፋ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው ወደ ጤና ተቋም።

✅ ከዋጠ፦ በፍጹም እንዲያስመልስ አታድርጉ! ወተትም ዘይትም አትስጡት። የዋጠው ሲመለስ ወደ ሳንባ ገብቶ ከባድ የሳንባ ጉዳት ያመጣል። አፉን አጥባችሁ፣ ጣሳውን ይዛችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሳልና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ካለ አስቸኳይ ነው።

✅ ዓይን ውስጥ ከገባ፦ ሳታሹ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹህ ውሃ እጠቡ፣ ከዚያ ሐኪም ይየው።

✅ ቆዳ ወይም ፀጉር ላይ፦ የምግብ ዘይት ወይም ቅቤ ቀብታችሁ አለስልሱና በሳሙና እጠቡ። ቤንዚንና ቲነር አትጠቀሙ።

✅ ካቃጠለ፦ ለ20 ደቂቃ ያህል የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ። የጥርስ ሳሙናም ሊጥም አትቀቡ።

✅ ራሱን ከሳተ፦ አየር ወዳለበት አውጡት፣ በጎኑ አስተኙት፣ አምቡላንስ ጥሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ላይ ለእሳት አደጋ 939 ነው።

ያቺ ልጅ ካርቶን ቤቷን ጨርሳ አስረክባለች። እናትየው በስልክ ፎቶውን ልካልኝ ነበር፤ ጣሪያውን በነጭ ኮላ ነው የጨረሱት፣ ትንሽ ጠመም ብሏል እንጂ ያምራል። ከፎቶው ውስጥ ግን እኔን ደስ ያሰኘኝ ከኋላ የሚታየው የተከፈተ መስኮት ነው።

እናንተስ ቤት ልጆች የእጅ ስራቸውን በምን ነው የሚለጥፉት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ጥያቄ ካላችሁም እመልሳለሁ። በተለይ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ጫማ ለሚሰሩ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።

ጤና ይብዛላችሁ 🙏